ለውኃ ልክ የሚሆን ሽጉጥ

የመሣሪያ ግምጃ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አራት ሽጉጦች በግራጫ ብርድ ልብስ ላይ ተደርድረዋል። ውኃ ልክ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማለች። ለጨዋነት ብላ አልነበረም፤ ጣቶቿ ሳይፈቀድላቸው እንዳይቀድሟት ሰግታ ነው።

ውኃ ልክ ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም፤ የደን ጽሕፈት ቤት ባልደረቦቿ የለጠፉባት ነው። ግንበኞች ግድግዳ አለመዝመሙን የሚያረጋግጡባት፣ መስተዋቷ ውስጥ የአየር አረፋ ያለባት፣ ውኃ ልክ የምትባል መሣሪያ አለች፤ አረፋዋ መሐል ላይ ስትቆም ሥራው ልክ ነው ማለት ነው። ይህች ሴትም ጫካ ውስጥ ስትሄድ እንደዚያው ናት። ሥራዋ ዛፍ መቁጠር ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ዛፍ ቆጣሪ ሲባል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ እስኪመሽ የሚዞር ምስኪን ይመስለዋልና። የአንድ ትልቅ ደን ዛፍ እንዲያ ተቆጥሮ አያልቅም። ቆጣሪዋ ኮምፓስ ይዛ ከደኑ አንድ ዳር እስከ ሌላው ዳር ቀጥ ያለ መስመር ትሄዳለች። በመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉትን ዛፎች ብቻ ትቆጥራለች፣ የግንዳቸውን ውፍረት ትለካለች፤ የቀረው በስሌት ይገኛል። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በመስመሩ ላይ ነው። እሾህ አይታ ወደ ግራ፣ ጥላ አይታ ወደ ቀኝ ያለች ቆጣሪ የቆጠረችው ደኑን ሳይሆን የራሷን ምቾት ነው።

ውኃ ልክ ገደል ካልከለከላት በስተቀር ዘንበል አትልም። እሾህ ውስጥ ትገባለች፣ ረግረግ ታቋርጣለች፣ በወዲያኛው ዳርም እወጣበታለሁ ካለችው ቦታ ላይ ጭቃዋን እያራገፈች ትወጣለች።

ከተቀጠረች ጀምሮ የምትመኘው ግን አንድ ቦታ ነበር፤ ከተራራው ጀርባ ያለው የውስጥ ደን። ማንም ቆጥሮት አያውቅም። በየዓመቱ ትጠይቃለች፣ በየዓመቱ ለከርሞ ትባላለች። ዘንድሮ ተራው ደረሰ፤ የመጣው ግን ጣጣውን አስከትሎ ነው። ባለፈው ወቅት አንድ ባልደረባቸውን ከርከሮ በክራንቻው ጭኑ ላይ ዘነጠለው። ነፍሱ ተርፋለች፤ ዛሬ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ዘር ይለቅማል፣ ሲነሣ ወንበር ይደገፋል። ከዚያ ወዲህ ሽጉጥ ያልታጠቀና ፈተና ያላለፈ ሰው ብቻውን ወደ ውስጥ ደን እንዳይገባ ተከለከለ። አብሮ የሚላክ ትርፍ ሰው ደግሞ የለም።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከእርሷ ጋር የተቀጠረ፣ ኮምፓስ ይዞ አብሯት የተንከራተተ ሰው ነው፤ ኋላ ወንበር አገኘና ቦርጭ አወጣ።

"ዝናቡ ሳይገባ ሽጉጥሽን መርጠሽ፣ ተኩሰሽ፣ ታጥቀሽም መስመር ሄደሽ ካሳየሽኝ ደኑ ያንቺ ነው" አላት። "አለዚያ ባለ አውሮፕላኖቹ ፎቶ አንሥተው ከሰማይ ይቆጥሩልኛል። ደጅ እየጠኑኝ ነው።"

"ከሰማይ የሚያዩት የዛፉን ቆብ ነው" አለች ውኃ ልክ። "ሰው በቆቡ ይቆጠራል እንዴ? የትኛው ሽማግሌ፣ የትኛው ጎረምሳ እንደሆነ በምን ሊያውቁት?"

"እንግዲያው ከሥር ገብተሽ አሳዪና።"

ጠረጴዛው ፊት ያቆማት ይህ ነው። ሽጉጡ ከሆነላት ደኑን ታገኘዋለች። ካልሆነላት ያ ሁሉ ዛፍ የሰው እግር ሳይረግጠው ከላይ ተቆጥሮ ይዘጋል።

ግምጃ ቤቱን የሚጠብቁት ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ትልቁም ትንሹም አሥር አለቃ ይላቸዋል። ሲያስተምሩ አይቸኩሉም። አንዱን ሽጉጥ አነሡ፣ ባዶነቱን አዩ፣ ለእርሷ አሳዩአት፣ እንደገና አዩ።

"አሁን አይተውት የለም እንዴ?" አለቻቸው።

"የጎረሰውንማ ሁሉም ይጠነቀቀዋል። ሰው የሚጨርሰው ባዶ ነው የተባለው ነው" አሉ። "ነይ እስቲ እኅቴ፣ አንድ በአንድ ላስተዋውቅሽ።"

የመጀመሪያው ትልቅና ጥቁር ነው። "ይህ ባለ ከበሮ ነው። ጥይቶቹ በዚህች በምትዞረው ክብ ከበሮ ውስጥ ይተኛሉ፤ ቃታውን በሳብሽ ቁጥር አንዱ ወደ አፈሙዙ ይመጣል። አንዱ ቢከሽፍ ደግመሽ መሳብ ነው፣ ቀጣዩ ይተኩሳል። ቢረጥብም ቢጨቀይም አያኮርፍም።"

ተቀብላ መዘነችው። "ክብደቱስ?"

"ብረት ነዋ። ጥጥ መሰለሽ?"

ሁለተኛው መዳፍ ውስጥ የሚደበቅ ነው። ውኃ ልክ ወደደችው፤ ኪስ ይገባል።

"ከርከሮ ያቆማል?"

"ያሳክከዋል" አሉ አሥር አለቃ። "ከዚያ ማን እንዳከከው ሊያይ ይመጣል።"

ሦስተኛው ባለ ካዝና ነው፤ ጥይቶቹ እጀታው ውስጥ በምትገባ ጠፍጣፋ ሳጥን ተደርድረው ከሥር ወደ ላይ ይገፋሉ። አካሉ ጠንካራ ፕላስቲክ ስለሆነ እጅን አይከብድም። አራተኛዋ እንደ መጀመሪያው ባለ ከበሮ ናት፤ ግን ግራጫ፣ አጭርና ስታነሣት የምታስደነግጥ ቀላል። አካሏም ከበሮዋም አውሮፕላን ከሚሠራበት ዓይነት ቀላል ማዕድን የተሠሩ ናቸው። ብረት ያለባት አፈሙዟ ውስጥ በገባች ስስ ቱቦና በጥቃቅን የውስጥ ዕቃዎቿ ብቻ ነው።

"ይቺን ማንም አይፈልጋትም" አሉ። "ተኩሰሽ ስታያት ይገባሻል።"

ከግምጃ ቤቱ ጀርባ የአሸዋ ቁልል አለ። ፊቱ ላይ ጣውላ ቆሟል፣ ጣውላው ላይ ከርከሮ ተሥሏል። ሠዓሊው አሥር አለቃ ራሳቸው ናቸው፤ ሥዕሉ ከርከሮም የሰባ ድመትም ይመስላል። ውኃ ልክ ጆሮዋን ሸፍና ቆመች። ከሁሉም የሚበልጥ ጥይት የሚጎርሰውን ትልቁን ተኮሰች፤ ሥዕሉን መታችው፣ ግን አፈሙዙ ወደ ሰማይ ሄዶ እስኪመለስላት ድረስ እውነተኛ ከርከሮ ቢሆን ኖሮ ደርሶባት ነበር። ባለ ካዝናውን ስትተኩስ እጇ ላይ ተገራ። አንድ፣ ሌላ፣ ሌላም። ሁሉም ከርከሮው ደረት ላይ። ልቧ ጮቤ ረገጠ።

ግራጫዋን ግን አንድ ጊዜ ተኩሳ ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠቻትና የአውራ ጣቷን ሥር አሸች። "ይቺስ በቅሎ ናት" አለች።

አሥር አለቃ ሳቁና ነገሩን አስረዷት። አንድ ዓይነት ጥይት በከባድ ሽጉጥ ሲተኮስ በሬን የመግፋት ያህል ነው፤ በሬው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይቆማል። በቀላል ሽጉጥ ሲተኮስ ግን ፍየልን መግፋት ይሆናል፤ ፍየሏ ዘልላ እላይሽ ላይ ትወጣለች። ስለዚህ ባለ ካዝናው ተመረጠ። የተኩስ ፈተናውንም በዚያው ሰሞን አለፈች።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የት ይታጠቅ የሚለው ነው፤ ይህ ደግሞ ከመምረጡ ቢብስ እንጂ አያንስም። ወገብ ላይ እንዳይሆን የጀርባ ሻንጣው ቀበቶ ወገቧን ይዞታል። ሻንጣው ላይ እንዳይሰካ ዕረፍት ላይ ሻንጣዋን አውርዳ ውኃ ስትጠጣ ከርከሮው ቢመጣ ሽጉጡ ከሻንጣው ጋር ዛፍ ተደግፎ ይቀመጣል። ጭኗ ላይ እንዳይሆን ቁጥቋጦ ይይዘዋል። ሻንጣው ያልወሰደው ቦታ ደረቷ ብቻ ነው።

ባለቤቷ ጫማ ሰፊ ነው፤ የሚሠራው ቤታቸው ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ውስጥ፣ ሶልና ማጣበቂያ በሚሸትበት አግዳሚ ላይ ነው። ባዶውን ሽጉጥ ወረቀት ላይ አስተኝቶ ዙሪያውን በእርሳስ ሣለ፣ ቆዳ ቆረጠ፣ ከትከሻዋና ከጎኗ የሚጠለፍ ማሰሪያ ያለው አፎት ሰፋላት። ቃታው በቆዳው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል፤ ላዩ ላይ በአውራ ጣት የምትፈታ መቀነት አለች። ውኃ ልክ ለብሳው ከመስኮቱ እስከ በሩ ተንጎራደደች።

አማቷ ጥጉ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። "ለዛፍ ቆጠራ ሽጉጥ?" አሉ። "ዛፉ ሊያመልጥሽ ነው?"

"ለከርከሮ ነው፣ እማማ።"

"ከርከሮም ትቆጥሪያለሽ?"

"የሚቆጥረኝ እሱ እንዳይሆን ነው።"

ባልየው መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ ሳቀ። "እኔስ ዛሬ ማታ ሾርባው ጨው በዛበት ለማለት ፈራሁ" አለ።

የመስመሩ ፈተና የተደረገው ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ባለው የተተከለ ደን ውስጥ ነው። ኃላፊው በወዲያኛው ዳር፣ ከመንገዱ በማይታይ ቦታ፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት አስተክሏል። ኮምፓሱ ላይ የእንጨቱን አቅጣጫ የሚያመለክተውን ቁጥር ይነግራታል፤ እርሷ ኮምፓሷን በዚያ ቁጥር ላይ አድርጋ ትገባለች፣ እንጨቱ ጋ መውጣት ነው። ይህ ለእርሷ ጨዋታ ነው። ከመግባቷ በፊት እንደ ልማዷ የቤት ቁልፎቿን አውጥታ ለኃላፊው ሰጠችው፤ ብረት ይዛ መስመር ሄዳ አታውቅም። ብረት የኮምፓስ መርፌ ይስባል። ለዚህም ነው የቀበቶዋ ዘለበት ናስ የሆነው፣ ምሳዋንም በቆርቆሮ ሳይሆን በጨርቅ የምትቋጥረው። ኃላፊው ቁልፎቹን ተቀበላት፣ ኪሱ ከተተ፣ ሽጉጧን እያየ፣ "አምሮብሻል" አላት። ገባች።

ስትወጣ ቀይ ጨርቅ የለም። ከፊቷ ያለው የእንጨት መሰንጠቂያው የግንድ ክምር ነው፤ ሠራተኞቹ መጋዝ አቁመው ያዩዋታል። እንጨቱ ከእርሷ በጣም ርቆ፣ በግራ በኩል፣ እንደ ክብሪት ዘንግ ሆኖ ይታያል።

"ግንድ ልትገዢ ነው?" አላት አንዱ ባለ መጋዝ።

ኃላፊው ቦርጩን እየገፋ ደረሰ። አላሾፈባትም፤ ቢያሾፍባት ይሻላት ነበር። "ሽጉጥ የሰው ልብ ይወስዳል" አለ ቀስ ብሎ። "ልብሽ ደረትሽ ላይ ካለው ነገር ጋር ነበር። ባለ አውሮፕላኖቹ ሳምንት ይመጣሉ። እስከዚያ አንድ ጊዜ ትሞክሪያለሽ፤ ከዚያ በኋላ እኔም አልችልም።"

ቤቷ ስትገባ ፊቷ ጠቁሯል። ባሏ ከአግዳሚው ላይ ቁርጥራጭ ቆዳውን ጠርጎ ቦታ ለቀቀላት። እርሷም እንደ ወትሮዋ ኮምፓሷን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች፣ ቁልፎቿን ራቅ አድርጋ መስኮቱ ላይ አኖረች። ከዚያ አፎቱን ከነሽጉጡ ፈትታ ከኮምፓሱ አጠገብ አኖረችው።

መርፌዋ ዞረች።

ውኃ ልክ አፎቱን አነሣችው። መርፌዋ ተመለሰች። አስቀመጠችው። ዞረች።

"እማማ" አለች፣ "እኔ ቁልፍ አውልቄ ሽጉጥ ታጥቄ ነው የገባሁት።"

አሮጊቷ ነገሩ አልገባቸውም፤ ግን ምራታቸው አግዳሚው ላይ ተደፍታ እንባዋ እስኪወርድ ስትስቅ አይተው እርሳቸውም ሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እጀታው ፕላስቲክ ስለሆነ ልቧ ሽጉጡን ሁሉ ፕላስቲክ አድርጎት ነበር፤ አፈሙዙና ከላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተተው ክፍል ግን ብረት ነው። አሥር አለቃ ያሰቡት ስለ ጥይቱ ነው፣ ባሏ ስለ ቆዳው፣ ኃላፊው ስለ ቦርጩ፤ እርሷም ስለ ከርከሮው። መርፌዋ ብትወዛወዝ ኖሮ ትነቃ ነበር። ሽጉጡ ግን ከደረቷ ሳይለይ አብሯት ስለሄደ መርፌዋን ባንድ በኩል ስቦ ያዛት። የሄደችው መስመር ቀጥ ያለ ነበር፤ የሚወስደው ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ነው።

በማግሥቱ ኮምፓሷን ይዛ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

"ሽጉጦቹን እንደገና ልምረጥ" አለች።

"በምን?" አሉ አሥር አለቃ።

"በዚህ።"

አሥር አለቃ ኮምፓሱን አዩት፣ እርሷን አዩአት። "ስንት ዘመን መሣሪያ ሳስመርጥ በእጅ፣ በዓይን፣ አንዳንዴም በጥርስ ሲመረጥ አይቻለሁ" አሉ። "በመርፌ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።" ቢሆንም ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ።

ጠረጴዛው ላይ አንድም ብረት እንዳይቀር አስነሡ። ውኃ ልክ ኮምፓሱን በግራ እጇ፣ መስመር ስትሄድ እንደምትይዘው፣ ዓይኗ ፊት አደረገችው። አሥር አለቃም እያንዳንዱን ባዶ ሽጉጥ ተራ በተራ ያዙላት፤ አንዴ ደረቷ መሐል፣ አንዴ ከቀኝ የጎድን አጥንቷ በታች። ትልቁ ገና ሲቀርብ መርፌዋ ሸሸች። ባለ ካዝናው ደረቷ ላይ ሲሆን ትላንት ያሳታትን ያህል ሳባት፤ ወደ ጎኗ ሲወርድ ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። ትንሹም ቢሆን ነካካት።

"አሁን በቅሏን" አለች ውኃ ልክ።

ግራጫዋ ቀረበች። ደረቷ መሐል ላይ መርፌዋ በፀጉር ያህል ተነቃነቀች። ከጎድን አጥንቷ በታች፣ በቀኝ በኩል ስትሆን ግን ቆመች። አሥር አለቃ ሽጉጧን ወዲያ ወሰዷት፣ መለሷት፣ ወሰዷት፣ መለሷት። መርፌዋ ዝም አለች።

"አይ ጉድ" አሉ። "ማንም የማይፈልጋት።"

የቀረው በቅሏን መግራት ነው። ውኃ ልክ ግራጫዋን ለባሏ አሳየችው፤ እርሱም ያየው እጀታዋን ብቻ ነው። "ይህ እኮ ተረከዝ የሌለው ጫማ ነው" አለ። "እግር ቢጎዳ ምን ይገርማል?" ለሯጭ ጫማ ተረከዝ የሚያገባውን ለስላሳ ጎማ መረጠ፤ የእጇን ቅርጽ ወሰደ፣ ቀረጸ፣ ሞረደ፣ እጀታው ላይ አለበሰው። አፎቱንም ፈትቶ በግራጫዋ ልክ ሰፋውና ወደ ጎን አወረደው፤ ምስማሮቹን በናስ ለወጠ።

አሥር አለቃ ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበራቸው። የሚራገጥ ሽጉጥ የያዘ ሰው ሳያውቀው ምቱን ቀድሞ ይፈራዋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እጁን ወደ ታች ይገፋል፣ ጥይቱም መሬት ይመታል። ሰውየው ግን ምቱ ስለሚሸፍነው የራሱን ስሕተት አያየውም። ስለዚህ አሥር አለቃ ከበሮዋን እርሷ ሳታይ ይሞሉላት ጀመር፤ ከጥይቶቹ መሐል የተተኮሱ ባዶ ቀለሆች ቀላቅለው። ውኃ ልክ ቃታ ሳበች። ቀጭ። ጥይት የለም፤ እጇ ግን ወደ ታች ነጠረ።

"አየሽው?"

"አየሁት።"

"ማን ገፋው?"

"እኔ።"

"እንግዲህ ተዪው።"

ተወችው። ባንድ ጊዜ አይደለም፤ ቀጭ ባለ ቁጥር እጇ ትንሽ እየረጋ፣ ትንሽ እየረጋ ሄደና በመጨረሻ ቀለህ ይሁን ጥይት ለአፈሙዙ ልዩነት የሌለው እስኪመስል ቆመ። ምቱ አልቀነሰም። የጫማ ጎማው የቻለውን ያህል ዋጠላት፣ የቀረውን እርሷ ለመደችው። የከርከሮው ደረት ወንፊት ሲሆን አሥር አለቃ ለሥዕላቸው አዘኑ፣ ለእርሷም በአዲሷ ሽጉጥ ማለፏን መሰከሩላት።

የመጨረሻው ፈተና ቀን ሰማዩ ደምኗል። ኃላፊው እንጨቱን ሌላ ቦታ አስተክሏል። ወሬ ፈጣን ነውና የመሰንጠቂያው ሠራተኞችም ከወዲያ ዳር ተሰልፈው ነበር፤ ባለ መጋዙ ዛሬም ግንዷን ልትገዛ ትመጣለች ብሎ ከጓደኞቹ ተወራርዷል። ውኃ ልክ ቁልፎቿን ለኃላፊው ሰጠች። ኃላፊው ሽጉጧን አየ፣ ኮምፓሱን አየ፤ ከዚያ ፊቱ ቀላ። በውስጡ ያለው የድሮው ኮምፓስ ያዥ ነቅቶ ነበር።

"ያን ጊዜም ደረትሽ ላይ ነበር" አለ።

"ነበር።"

"እኔም 'አምሮብሻል' አልኩሽ።"

"አልከኝ።"

"በይ ግቢ፣ ከዚህ በላይ አታሳፍሪኝ።"

ገባች። ከዚያ ወዲህ ያለውን የሚያውቁት በወዲያኛው ዳር የቆሙት ናቸው። መጀመሪያ ቅርንጫፍ ሲሰበር ተሰማ። ቀጥሎ ቁጥቋጦው ተነቃነቀ። ውኃ ልክ ከቁጥቋጦው ወጣችና ከቀይ ጨርቁ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠች፤ አንድ እርምጃ ብትጨምር በግንባሯ ትገጨው ነበር። ባለ መጋዙ ኮፍያውን አውልቆ ለጓደኞቹ የተወራረደውን ሊከፍል ሄደ።

ባለ አውሮፕላኖቹ በመጡ ጊዜ ኃላፊው ሻይ ጋብዞ ሸኛቸው።

ውኃ ልክ ተራራውን የተሻገረችው ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ ማለዳ ነው። ከጥቅጥቁ ሥር ብርሃኑ አረንጓዴ ሆኖ ይወርዳል፣ መሬቱ እንደ ፍራሽ ይረገጣል። ገና መስመሯን ሳትይዝ በቀኝ በኩል የሆነ ነገር አጉረመረመ። ቆመች። እጇ ወደ ጎኗ ሄዶ የአፎቱን መቀነት ፈታ፣ የሽጉጧን ጎማ ጨበጠ። አንዲት ከርከሮ ልጆቿን አስከትላ ከቁጥቋጦ ወጣች፣ ውኃ ልክን አየቻት፣ አፍንጫዋን ነፋች። ውኃ ልክ ሽጉጧን አላወጣችም፤ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለችላት። ከርከሮዋ ጥቂት ካሰበች በኋላ ልጆቿን ይዛ አለፈች።

ውኃ ልክ የአፎቱን መቀነት ቆልፋ ኮምፓሷን ዓይኗ ፊት አደረገች። መርፌዋ ጸጥ ብላለች። ኮምፓሱ ባመለከታት አቅጣጫ፣ ልክ መስመሯ ላይ፣ አንድ ዛፍ ቆሟል። ሽማግሌ ነው። ሥሮቹ እንደ ግድግዳ ቆመዋል፣ ቅርፊቱ እጅ ያስገባል። የጨርቅ ሜትሯን አውጥታ አንዱን ጫፍ ቅርፊቱ ላይ ሰካችና ዙሪያውን እየዳሰሰች ዞረች። መነሻዋ ጋ ሳትደርስ ሜትሩ አለቀ፤ ጫፎቹ ገና አልተገናኙም።

ቆም ብላ በባዶው ቦታ ላይ መዳፏን አኖረች። ከዚያ ጠመኔዋን አወጣች፣ ሜትሩ የቆመበትን ምልክት አደረገችና ከዚያው ቀጥላ የቀረውን መለካት ጀመረች፣ እየሳቀች።